ለቁልቁለቱ መዘጋጀት፦ ከደሴ ተነሥቶ ለብዙ ቀን የተራራ የእግር ጉዞ

ደሴ ያደገ ሰው ዳገትን እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ተገትረውበት፣ ትምህርት ቤትም ሆነ ገበያ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ በመሆኑ፣ የሦስትና የአራት ቀን የተራራ ጉዞ ሲነሣ «ምን አለው፤ እኛ እኮ ተራራ ላይ ነው ያደግነው» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን የብዙ ቀን ጉዞዬን የጨረስኩት በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፊቴን ወደ ዳገቱ አዙሬ የኋሊት እየወረድኩ ነው፤ ጉልበቴ ወደ ፊት መውረዱን እምቢ ብሎኝ፣ የሁለቱም እግሮቼ የአውራ ጣት ጥፍሮች ጠቁረው ነበር። ዳገቱ ላይ ግን አንድም ቀን አልተቸገርኩም።

ይህ ጽሑፍ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነሥተው ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ቀን በተራራ ላይ በእግራቸው ለመጓዝ ለሚያስቡ ነው፤ መድረሻቸው እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጉት አቡየ ሜዳና አምባ ፈሪት ቢሆኑም፣ ራቅ ያሉት የሰሜን ተራሮች ቢሆኑም ዝግጅቱ ያው ነው። ልምምዱን፣ ጫማውን፣ ሸክሙን፣ የቀኑን ርዝመትና የከፍታን ሕመም ሁሉንም የማየው ከቁልቁለቱ በኩል ነው፤ ከተጓዦች ጋር ስወጣና ስወርድ ጉዞ ሲበላሽ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ስለሆነ ነው።

ከዝግጅቱ አስቀድሞ ግን የመንገዱን ጸጥታ ማጣራት ግድ ነው። የሚኬድበትን ወረዳ አስተዳደር፣ ፓርክ ከሆነም ጽሕፈት ቤቱን፣ በተጨማሪም በዚያው ሳምንት ከዚያ መስመር የተመለሱ ሾፌሮችን መጠየቅ ይገባል። የሦስቱ መልስ ካልገጠመ ጉዞውን ማስተላለፍ ነው፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ቁልቁለት ምን ያደርጋል

ዳገት የሚፈትነው ሳንባንና ልብን ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ቆም ይባላል፣ ቆም ሲባልም ይመለሳል። ቁልቁለት የሚበላው ግን የጭንን የፊት ጡንቻ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ጡንቻው የሰውነትንና የሸክሙን ክብደት ይዞ በዝግታ መልቀቅ አለበት፤ እየተለጠጠ ሳለ መኮማተር ስለሚጠበቅበት ውስጡ በጥቃቅኑ ይጎዳል። ሕመሙ በዕለቱ አይሰማም፤ ከማግስቱ ጀምሮ ይመጣና በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል። የአንድ ቀን ጉዞ ከሆነ ሕመሙ የሚደርሰው ሰውየው ቤቱ አልጋው ላይ ሳለ ነው፤ የአራት ቀን ጉዞ ከሆነ ግን ገና አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁለት ከፊቱ ተዘርግቶ ሳለ ይደርሳል።

የሰሜን ተራሮችን አንድ ቀን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ወደ ራስ ደጀን የሚሄድ ተጓዥ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ካለው የጨነቅ ሰፈር ተነሥቶ በቧሂት አጠገብ 4,200 ሜትር ያህል ላይ ይሻገራል፤ ከዚያ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የመሸሃ ወንዝ ይወርድና እንደገና ወደ አምቢቆ 3,200 ሜትር ያህል ይወጣል። የቀኑ ዳገት ሲደመር አንድ ሺህ ሜትር ሲሆን ቁልቁለቱ ግን 1,400 ሜትር ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር አካባቢ እንደመሆናቸው፣ ይህ ማለት ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት ከሁለት ጊዜ በላይ በአንድ ቀን፣ በድንጋያማ መንገድ፣ ያውም ከሦስት ቀን ጉዞ በኋላ መውረድ ማለት ነው።

ደግነቱ ጡንቻ ይማራል። አንድ ጊዜ በደንብ የወረደ ጭን ለቀጣዮቹ ጥቂት ሳምንታት ያንኑ ቁልቁለት በጣም ባነሰ ጉዳት ይወርደዋል። የልምምዱ ምሥጢር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ሁለት ወር በጦሳ

ለብዙ ቀን ጉዞ ሁለት ወር የዝግጅት ጊዜ በቂ ነው፤ ከአንድ ወር ያነሰው ግን ራስን ማታለል ይሆናል። በሥራ ቀናት ሁለት ጊዜ አርባ አርባ ደቂቃ በፍጥነት መራመድ፣ ደረጃ መውጣትና በተለይ ደረጃ በዝግታ መውረድ ይበቃል። ዋናው ልምምድ ግን የእሑዱ ነው።

ለእሑዱ ልምምድ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ባዶ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይበቃል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ሸክሙን መለካት ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ጀሪካኑን ሞልቶ በጀርባ ቦርሳ ጦሳን መውጣት፣ ላይ ሲደረስ ውሃውን ለተክል ማፍሰስና ባዶውን ይዞ መውረድ ነው። ጉልበቱ በዚህ ጊዜ ገና ስላልጠነከረ ቁልቁለቱን ያለ ሸክም ይለማመደዋል። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን ውሃው አይፈስስም፤ ሞልቶ የወጣው ሞልቶ ይወርዳል። ከዚያ በየሳምንቱ በሌላ ጠርሙስ አንድ አንድ ሊትር እየጨመሩ ተጓዡ በጉዞው ወቅት ይሸከማል ተብሎ እስከሚገመተው ክብደት ድረስ መድረስ ነው። ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይህን ገልብጠው ያደርጉታል፤ ሸክሙን ለዳገቱ ብቻ ይለማመዱና ለጉልበታቸው ማዘናቸውን እንደ ጥበብ ይቆጥሩታል። ጉዞው ላይ ግን ድንኳኑን ጫፍ ላይ አፍስሶ መውረድ አይቻልም።

በስድስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት ሁለት ተከታታይ ቀናት መጓዝ ያስፈልጋል፦ ቅዳሜ ጦሳን ወጥቶ መውረድ፣ እሑድ ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ሄዶ የየጎፍን ደን ይዞ መውጣትና መመለስ፤ የኮምቦልቻ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢገለብጠው ያው ነው። ዓላማው የዛለ እግርን ይዞ መራመድን መማር ነው፤ በእሑዱ ጠዋት የመጀመሪያው ሰዓት የሚሰማው የጭን ድንዛዜ ጉዞው ላይ በየጠዋቱ የሚጠብቀን ነውና። በሐረጎ በኩል የአስፋልቱን ዳር ይዞ ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ የሚያምራቸው አሉ። አልመክርም፤ የከባድ መኪናው ብዛትና የመንገዱ ጥምዝ ለእግረኛ አይመችም፣ አስፋልትም የድንጋይ መንገድን አያስተምርም።

የመጨረሻው ትልቅ ቁልቁለት ከጉዞው አሥር ቀን ያህል ቀደም ብሎ መወረድ አለበት። ጡንቻው የሚጠገንበት ጊዜ ያገኛል፣ የተማረውንም አይረሳም። ከዚያ በኋላ ቀለል ያለ እርምጃ ብቻ ነው።

አወራረዱ ራሱ ይለመዳል። እርምጃው አጭር ይሁን፤ ጉልበት አይገተር፣ ትንሽ እጥፍ ይበል፤ ደረት ወደ ኋላ አይለጠጥ። ፈርቶ ወደ ኋላ የሚያዘነብል ሰው ተረከዙ ይሸሸውና በመቀመጫው ይወድቃል። ጠጠር የበዛበት ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሲያጋጥም በግራና በቀኝ እየተጠማዘዙ መውረድ ይሻላል። የወሎ ገበሬ ሲወርድ ላየው ሰው ይህ ሁሉ ትምህርት እዚያው አለ፤ በኮንጎ ጫማ፣ በትሩን ከፊቱ እየተከለ፣ ሳይቸኩል ሳይቆምም ይወርዳል።

ጫማ፣ በትርና ሸክም

ጫማ የሚመረጠው ቁልቁለት ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆመው ሲለኩት የሚመች ጫማ፣ እግር ወደ ፊት ሲንሸራተት ጣትን ከግድግዳው ጋር ያላትመዋል፤ የጥፍሮቼ መጥቆር ምክንያትም ይኸው ነበር። ስለዚህ ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ እግር አበጥ ባለ ጊዜ፣ በጉዞው ላይ የሚደረገውን ወፍራም ካልሲ አድርጎ ነው። ማሰሪያው ሳይጠብቅ እግር እስከ ጫፉ ሲገፋ ከተረከዙ በስተኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከዚያ ማሰሪያውን አጥብቆ ደረጃ ወይም ተዳፋት መውረድና ጣት ከፊት መንካቱን ማየት ነው፤ ከነካ ያ ጫማ ለእርስዎ አይደለም። የእግር ጥፍር ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ። አዲስ ጫማ ይዞ መነሣት ፈጽሞ የማይሞከር ነው፤ ቢያንስ አምስት ስድስት እሑድ አብሮ ይዋል።

ቁልቁለት ሲጀመር ቆም ብሎ ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚቱ ላይ አጥብቆ ማሰር፣ ዳገት ሲጀመር ደግሞ ማላላት ልማድ መሆን አለበት። እግር ላይ አንድ ቦታ ሲሞቅና ሲያቃጥል «ትንሽ ልሂድና አየዋለሁ» አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ጫማውን አውልቆ፣ እግርን አድርቆ ፕላስተር መለጠፍ ያስፈልጋል። ውሃ ከቋጠረ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ማስታገሻ ብቻ ነው።

በትር የሽማግሌ ነው ብለው የሚያፍሩ ወጣቶች አሉ፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ይለምናሉ። ሁለት በትር ከአንድ ይሻላል፤ ከጉልበት ላይ የሚወድቀውን ክብደት ክንድ ይጋራዋል። ቁመቱ ሜዳ ላይ ሲያዝ ክርን ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራበት ልክ ይሁን፤ ቁልቁለት ላይ ትንሽ ቢረዝም ጥሩ ነው።

ሸክሙን በተመለከተ ራሱ የሚሸከም ሰው ከሰውነቱ ክብደት አንድ አምስተኛ አይለፍ፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ማለት ነው፤ ውሃውም ተቆጥሮ። ከዚህ በላይ ከሆነ በቅሎ ወይም ፈረስ ከነነጂው መከራየት ይበጃል። አጋሰሱን የሚጭነው ነጂው ነው፤ በመጫኛ ሲጠፍረው ጣልቃ አይገባም። የተጓዡ ድርሻ ዕቃውን ሁለት እኩል ክብደት ባላቸው ጆንያዎች መክፈልና በዝናብ እንዳይበሰብስ እያንዳንዱን በወፍራም ላስቲክ መጠቅለል ነው። የዝናብ ልብስ፣ የቀኑ ውሃና ስንቅ፣ ባትሪና መድኃኒት ግን በራስ ጀርባ ላይ ይቆያሉ፤ በቅሎዋ ሌላ መንገድ ይዛ ስትሄድ ተጓዡና ዕቃው ለግማሽ ቀን ይለያያሉና።

ልብሱን ሰኞ ገበያ የሰልባጅ ክምር ውስጥ በትዕግሥት የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል። የሚፈለገው ከሥር ላብ የማይዝ ስስ ሹራብ፣ በላዩ ወፈር ያለ የሱፍ ወይም የፍሊስ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የሚከላከል ጃኬት ነው። ጂንስ ሱሪ ከረጠበ አይደርቅም። ጋቢ ለማታ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ወደር የለውም፤ ዝናብ የመታው ጋቢ ግን ሸክም ብቻ ነው። ሙቀት በየአንድ ሺህ ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ደሴ ላይ 8 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት 4,000 ሜትር ላይ ውርጭ አለ። የመኝታ ከረጢት ሲመረጥ ይህ ስሌት ይያዝ።

ስንቅ

በከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ምግብ ግን ቶሎ አይበስልም። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስርና ባቄላ ይዞ መሄድ ጋዝ መጨረስ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የበሰለና የተፈጨ ነገር ይመረጣል፦ በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ቴምር፣ ማር። እሳት ሳይነካ የሚበላው በሶ የተራራ ስንቅ ሁሉ አለቃ ነው። አሠራሩን ከአንድ በቅሎ ነጂ ነው የተማርኩት፦ በሶውን ከጨው ጋር በንጹሕ ፌስታል አድርጎ፣ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጎ፣ አፉን ጨብጦ ከውጭ በኩል ማሸት ነው። እጅ መታጠብ አያስፈልግም፣ ዕቃ አይቆሽሽም፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የተላቆጠ ድቡልቡል በሶ ይወጣል። ቅቤ የገባበት ከሆነ ኃይሉ ይጨምራል።

ቋንጣ መልካም ስንቅ ነበር፤ ነገር ግን የእኛ አገር ቡድን ክርስቲያንና ሙስሊም ተቀላቅሎ የሚሄድ ስለሆነ የእርድ ነገር አለ፤ በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ ይመጣል። እኛ የደረስንበት መላ የጋራው ድስት ሥጋም ቅቤም የሌለው እንዲሆን፣ ቅቤውንና ቋንጣውን ግን የፈለገ በየግሉ እንዲይዝ ነው። ይህን ደሴ ላይ ሳይነጋገሩ ወጥተው ጨነቅ ላይ ሽሮው ቅቤ ነክቶት ጾማቸውን ያደሩ አውቃለሁ።

ቡና ያለ ስኒውና ያለ ወጉ አይሆንም የሚል ጓደኛም አለኝ። ጀበናውን በጋቢ ጠቅልሎ ተሸክሞ ዳገቱን በሰላም አወጣው፤ የተሰበረው ሲወርድ ነው።

በቀን ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ያህል ውሃ ይታሰብ። ከምንጭም ከወንዝም የተቀዳ ውሃ ሳይታከም አይጠጣም፤ ከብት የማይደርስበት ተራራ የለንም። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃው ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ መንተክተክ አለበት። ጋዝ ለመቆጠብ እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን መድኃኒት በመመሪያው መጠን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ማቆየትም ይቻላል፤ የደፈረሰ ከሆነ ግን አስቀድሞ በነጠላ ይጠለል። ለእሳት አስታ ወይም ጥድ መቁረጥ አይገባም፤ ቡታጋዝ ይያዝ።

ቀኑን መቁጠር

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ለጉዞ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ሰማዩ የጠራ፣ መንገዱ የደረቀ ነው፣ ውርጩ ግን ይበረታል። ከየካቲት ጀምሮ የወሎ ደጋ በልግ ስለሚጠብቅ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ክረምት አይታሰብም፤ ጭቃ ላይ ቁልቁለት ሌላ ነገር ነው።

የአንድ ቀን ጉዞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለመገመት ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ያገለግላል፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ናይስሚዝ ቁልቁለትን አልቆጠረም፤ እኔ ቀጥ ላለ ቁልቁለት በየ300 ሜትሩ 10 ደቂቃ እጨምራለሁ፣ ለሸክሙና ለከፍታው ደግሞ በድምሩ ላይ ግማሹን እጨምራለሁ። 15 ኪሎ ሜትር ርቀትና 900 ሜትር ዳገት ያለው ቀን በመጀመሪያው ስሌት አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ ግማሹ ሲጨመር ስድስት ሰዓት ከሦስት ሩብ፣ የምሳና የእረፍት አንድ ሰዓት ተኩል ሲታከል ስምንት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የተነሣ ተጓዥ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል ማለት ነው። በ4 ሰዓት የተነሣ ግን የመጨረሻውን ቁልቁለት ከምሽት ጋር ይሻማል፤ 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ ቁልቁለት በባትሪ ብርሃን የሚወረድ አይደለም።

በዚህ ምክንያት የመመለሻ ሰዓት ደሴ ላይ ሳሉ በጽሑፍ ይወሰናል። ጫፍ ለመድረስ በታሰበበት ቀን እስከ 5 ሰዓት ካልተደረሰ፣ ጫፉ ቢታይም ይመለሳሉ። ውሳኔው ተራራው ላይ ቢተው ማንም አይመለስም፤ ሁሉም «ይቺን ብቻ» ይላል። የመንገዱ ዝርዝርና የመመለሻው ቀን ያለበት ወረቀት ቤት ለቀረ ሰው ይሰጥ፤ ስልክ ብርድ ላይ ባትሪው ስለሚደክም ሌሊት ከሰውነት ጋር ይደር።

የአገሩን ሰው ርቀት ሲጠይቁ አጠያየቁ ይታሰብበት። «ሩቅ ነው?» የተባለ ባለአገር «ኧረ ቅርብ ናት፣ ከዚያች ጋራ ማዶ» ይላል፤ እንግዳን ተስፋ ማስቆረጥ ነውር ነውና። «አብሽሩ፣ አሁን ትደርሳላችሁ» ከተባልንበት ቦታ አራት ሰዓት የተጓዝንበት ቀን አለ። የሚሻለው «ከዚህ በጠዋት የወጣ ሰው ፀሐይ የት ስትደርስ እዚያ ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህ ትክክለኛ መልስ ይሰጣሉ፤ ከዚያ የራስን እግር አስቦ አንድ ሦስተኛ መጨመር ነው።

ከፍታ

የደሴ ሰው በ2,500 ሜትር አካባቢ መኖሩ በእርግጥ ይጠቅመዋል፤ የኮምቦልቻ ጓደኛው 650 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚኖር አብረው ቢወጡ ቀድሞ ራሱን ሊያመው ይችላል። ነገር ግን ጥቅሙ ወሰን አለው። 4,000 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ያህሉ ነው፤ ለዚያ ደሴ አታለማምድም።

ደንቡ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሌሊት እንዲታደር ነው። ቀን ላይ ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ግን ይጠቅማል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ የከፍታ ሕመም ነው ተብሎ ይታሰብ፤ ያ ሰው በዚያ ቀን ከዚያ በላይ አይውጣ። ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ እንዲራመድ ይደረግ፤ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ፣ ወይም ተቀምጦ እያረፈ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ሰው ደግፎት፣ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ድረስ። ቁልቁለት በባትሪ አይወረድም ያልኩት ለዚህ አይሠራም። አሴታዞላማይድ የሚባለው እንክብል ለመከላከል ይረዳል፣ ሐኪም ሳያማክሩ ግን አይወሰድም፤ ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሰው ይህን አስቀድሞ ይንገር።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ፦ ወደ ታች መውረድ ሁልጊዜ ወደ ቤት መቅረብ ማለት አይደለም። ከላይ በጠቀስኩት መንገድ መሸሃን ተሻግሮ አምቢቆ የደረሰ ሰው፣ በመጣበት ልመለስ ቢል ከቤቱ በፊት የቧሂት 4,200 ሜትር ይጠብቀዋል። ስለዚህ የጤናው ምርመራ ከመሻገሩ በፊት ጨነቅ ላይ ይደረግ። ሌሊቱን በደንብ ያልተኛ፣ ጠዋት ቁርስ እምቢ ያለ ሰው ካለ እዚያው አንድ ቀን ይደር።

መንገድ ላይ

ጠዋት የጠራ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ሊጠቁር ይችላል። ነጎድጓድ ሲሰማ ከሸንተረሩና ከአፋፉ ላይ ወዲያው መውረድ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አለመጠለል፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለመመለስ ይገባል። መብረቁ ታይቶ ድምፁ እስኪሰማ ያለው ጊዜ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው።

ከመብረቁ ይልቅ በየቀኑ የሚያጋጥመው ውሻ ነው። ወደ መንደር ሲቀርቡ ከሩቁ «ቤቶች! ውሻ ያዙልን!» ብሎ መጣራት፣ ሰው እስኪወጣ መቆም፣ በትርን ዝቅ አድርጎ መያዝና አለመሮጥ ነው። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና ጉዞውን አቋርጦ የእብድ ውሻ ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። ቤት ያለው ሰው ከወጣ በኋላ ሰላምታው በአገሩ ደንብ ይሁን፤ ታላቁን «አባባ»፣ «ጋሼ»፣ እናትየዋን «እትዬ» ብሎ፣ ከየት እንደመጡ ተናግሮ፣ የት ማደር እንደሚቻል ፈቃድ ጠይቆ። ድንኳን የሚተከለው ከተፈቀደ በኋላ ነው፤ ማሳና የግጦሽ መሬት ለእኛ ባዶ ሜዳ ቢመስልም ባለቤት አለው።

የመጨረሻው ቀን

አደጋ የሚበዛው በመጨረሻው ቀን ነው። መንገዱ ወደ ታች ነው፣ ስንቁ አልቋል፣ ሸክሙ ቀሏል፣ ሁሉም ከታች የሚጠብቀውን መኪናና ትኩስ ምግብ እያሰበ ይሮጣል። በዚያ ቀን ከፊት የሚሄደው ከቡድኑ ሁሉ ጉልበቱ የደከመው ሰው ይሁን፤ ሌላው በእሱ እርምጃ ይሂድ። በየአርባ አምስት ደቂቃው ይቆም፣ ውሃ ይጠጣ፣ ማሰሪያ ይፈተሽ። የመኪናው ቀጠሮ ከግምቱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይያዝ፤ ሾፌሩ ቢጠብቅ ሻይ ይጠጣል፣ ተጓዡ ቢቸኩል ግን ቁርጭምጭሚቱን ያጥፋል።

ቤት ከተገባ በኋላ ድንኳኑና የመኝታ ከረጢቱ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ፀሐይ ላይ ይሰጡ፤ እርጥቡን ጠቅልሎ ያስቀመጠ በሚቀጥለው ጉዞ ሻጋታ ይፈታል። ጫማው ጭቃው ታጥቦ፣ ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቆ ጥላ ሥር ይድረቅ፤ እሳት ዳር የደረቀ ጫማ ሶሉ ይላቀቃል። ጥፍር ከጠቆረና ካላመመ አይነካም፣ ራሱ በጊዜው ይወልቃል፤ የኔዎቹ ወራት ፈጅተዋል። ጭኑ ለሁለት ሦስት ቀን ደረጃ መውረድን ይፈራል፤ ጎን ለጎን እየሆኑ፣ መደገፊያ ይዘው መውረድ ነው። በሳምንቱ እሑድ ግን አምስት ሊትሩን ጀሪካን ይዞ ጦሳ መውጣት ይቻላል፤ ሲወርዱ ውሃው አይፍሰስ።